ብሎኗን የሚያውቅ እጅ

የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመራቂው ለድኅረ ምረቃ ጥናቱ የድምፅ ሙያን ሲመርጥ አባቱ፣ «ዘፈን ለመቅዳት ነው ይህን ሁሉ የተማርኸው?» አሉት። ልጁ አልተሟገተም፤ የሟች አያቱ ድምፅ የተቀዳበትን ካሴት አመጣ። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል፤ «ሄድ» የሚባለው የቴፑ አንባቢ ክፍል ለክሩ ቀጤ ነክ ካልሆነ ቀጫጭን ድምፆች ይጠፋሉ፤ «ሰ» እና «ሸ» ይደበዝዛሉ። በዚህ ሁኔታ የተገለበጠውን ኮምፒውተር እንኳ ሙሉ በሙሉ አያቃናውም። ወጣቱ በካቻቢቴ አንዲት ብሎን በጥቂቱ አዞረ፤ የሽማግሌው ሳል ሳይቀር ጠርቶ ተሰማ። ስንት የሠርግ ዘፈን፣ ስንት ቅኔ፣ ስንት የቃል ታሪክ በየቤቱ በእንዲህ ያለ ክር ላይ እያረጀ ነው! የፊዚክስና የምሕንድስና ተማሪዎች ይህን ሙያ እንደ ጨዋታ ማየታቸው የሚያስቆጨው ለዚህ ነው። አባትየው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «የሌላው ገጽስ?» ሲሉ ጠየቁ።