ወረርሽኙ ሲመጣ ስማችን የት መዝገብ ላይ ነበር?

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ። ተማሪዎቼ ሰሞኑን «ቲቸር፣ በኮሮና ጊዜ መንግሥት ሕዝቡን ረድቶ ነበር ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው እኛን አዋቂዎቹንም ስለሚመለከት እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

ኬንያ ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2020 ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ሰዓት እላፊ ታወጀ። 14 ሰው የሚጭነው ማታቱ 8 ብቻ እንዲጭን ታዘዘ።

መንግሥት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ቫት ከ16 ወደ 14 በመቶ ወረደ። በወር እስከ 24,000 ሽልንግ የሚያገኝ ተቀጣሪ የገቢ ግብር ሙሉ በሙሉ ተነሣለት። ማዕከላዊ ባንኩ ወለዱን ከ8.25 ወደ 7.25፣ ቀጥሎም ወደ 7 በመቶ ቀነሰ። ጥሩ ነው፤ አልነቅፍም። ግን የግብሩ ቅናሽ ፔሮል ላይ ስሙ ላለ ሰው ነው። የወለዱ ቅናሽ ከባንክ ለተበደረ ነው። የቫቱስ? ድሃ በየቀኑ የሚገዛው የበቆሎ ዱቄት ቀድሞም ቫት አልነበረበትም።

አሁን ኢስሊን አስቡ። ሆቴል ቁጭ ብሎ መብላት ሲከለከል እንጀራ የምታቀርብ እህታችን ገበያዋ በአንድ ቀን ቆመ። እሷ የልጇን ክፍያ መክፈል ሲያቅታት ትምህርት ቤቱ የእኛን የመምህራኑን ደመወዝ አቆመ። እኛ ደግሞ የሱቁን ዱቤ መክፈል አቃተን። ሜይ 6 ኢስሊ መግቢያ መውጫው ሲዘጋ ባለሱቁም ዕቃ ማስገባት ተቸገረ። ከካኩማና ከዳዳብ መውጣት ከኤፕሪል መጨረሻ ጀምሮ ስለተከለከለ ዘመድ ዘመዱ ጋ መሄድ እንኳ አልቻለም። የአንዱ ኪስ ሲደርቅ የሁሉም ይደርቃል፤ ኢኮኖሚ ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ወደ እኛ የደረሰ ምን ነበር? ኤምፔሳ። እስከ 1,000 ሽልንግ ለሚላክ ገንዘብ ክፍያው ተነሣ። 200፣ 300 ሽልንግ እየተላላክን ስንት ቤት ሳይራብ አደረ! ውጭ ያላችሁ ዘመዶቻችንም አልጨከናችሁም። በ2020 ዓለም ሁሉ ሥራ ፈትቶ ሳለ ወደ ኬንያ በሐዋላ የገባው ገንዘብ 3.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ ከቀደመው ዓመት በልጧል። እግዜር ይስጥልን!

ግን እዚህም ላይ ሲም ካርዱ በሰው ስም የሆነበት ወገን የራሱን ገንዘብ ለማውጣት የሰው ደጅ ጠንቷል።

ወገኖቼ፣ ውኃ የሚሄደው ቦይ ባለበት ነው። ቦይ ደግሞ ጎርፍ ሲመጣ አይቆፈርም። በ2021 የወጣው የስደተኞች ሕግ የመሥራት መብታችንን ጽፎልናል፤ እሱም ቢሆን የሚጠቅመው ወረቀቱን ለያዘ ነው። ስለዚህ፦

መታወቂያችሁ ቀኑ ሳያልፍ አሳድሱ። ልጅ ሲወለድ የልደት ካርድ አውጡ። ሲም ካርዳችሁን በስማችሁ አድርጉ። እቁብና እድር ያላችሁ የአባላትን ስምና ስልክ በደብተር ጻፉ፤ ከየወሩ መዋጮም ጥቂት ለክፉ ቀን ለይታችሁ አስቀምጡ።

መታወቂያ ለማሳደስ ስትሄዱ ቅጹ የሚከብዳችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፤ አብረን እንሞላለን። ለሌሎችም አጋሩ።