ምክርና ፍርድ

የፈረንጆች ዘመን ሊለወጥ ሲቃረብ የፊልም ሐያስያን በዓመቱ ከታዩት ፊልሞች የተሻሉትን መርጠው፥ አንደኛ፥ ሁለተኛ እያሉ በጋዜጣ ያወጣሉ። ተመልካችስ ይህን ይስማ ወይስ ይተው?

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንደሚባለው፥ ብዙ አይቶ የሚያመዛዝን ሰው ምክሩ አይናቅም፤ ብዙ ማስታወቂያ ያልወጣለትን መልካም ሥራ የሚያሳውቀን እርሱ ነውና። ነገር ግን ምክር ፍርድ አይደለም። አልፍሬድ ሂችኮክ ያዘጋጀው «ቨርቲጎ» በፈረንጆች ዘመን በ1958 ሲወጣ፥ ከሐያስያን አንዱ ሲያመሰግነው ሌላው ነቀፈው። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት በየ10 ዓመቱ ሐያስያንን እየጠየቀ ከፊልሞች ሁሉ የሚበልጠውን ያስመርጣል፤ በ2012 «ቨርቲጎ» አንደኛ ሆነ። በ2022 ደግሞ ስፍራውን ለሻንታል አከርማን ሥራ ለ«ዣን ዲልማን» ለቀቀ። ፊልሙ ያው ነው፤ የተለወጠው የመራጮቹ ዓይን ነው።

ስለዚህ እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ምክንያቱን አነባለሁ። ሌላው ስላመሰገነ ብቻ የሚያመሰግን ሰው የገንዘቡ ጉዳት ጥቂት ነው፤ እግዚአብሔር የሰጠውን ልቡና ማሠራት ከተወ ግን፥ ከሲኒማ ቤት ወጥቶም በሰው ዓይን ማየትን ይለምዳል። አንባቢ ሆይ፥ ምክሩን ስማ፤ ፍርዱን ግን ለራስህ አቆይ።