ያንድ ሰው ስም ስንት ጊዜ ይጻፋል?

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ካለው ገጠር የተሰበሰቡ የመሬት መዝገቦች በጠረጴዛችን ላይ ተከምረው ባየናቸው ጊዜ፣ ወደ ኮምፒውተር የመገልበጥ ሥራ ብቻ የሚጠብቀን መስሎን ነበር።

በጎጃም መሬት መመዝገብ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ፣ ገበሬው መሬቴ ሊለካብኝ ነው ብሎ መነሣቱ የታወቀ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ግን ራሱ በመረጠው ኮሚቴ ፊት ማሳውን አስመዝግቦ፣ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ያለበትን የይዞታ ደብተር ተቀብሏል።

መዝገቡ ላንድ ማሳ አንድ ረድፍ ይሰጣል፤ በረድፉም የባልና የሚስት ስም፣ ቀበሌው፣ ጎጡ፣ ስፋቱ፣ በአራቱ ማዕዘን የሚያዋስኑት ሰዎች ስም ይገኛል። እንግዲህ አራት ማሳ ያለው ሰው አራት ጊዜ ተጽፏል፤ በጎረቤቶቹ ረድፍ የተጻፈውም ሲታከል ቍጥሩ ይበዛል። ያውም አንድ ቀን «ኃይሉ»፣ ሌላ ቀን «ሀይሉ» እየተባለ ነው። ለእኛ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው።

በዚህ መካከል አንዲት ባልቴት መጡ። በሦስቱ ማሳዎች ረድፍ ስማቸው ከባላቸው ስም ጋር ተጽፏል፤ በአራተኛው ረድፍ ግን የሚስት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ባላቸው ሲሞቱ የሟቹ ወንድም ያን ማሳ ማረስ ጀመረ።

ኤድጋር ኮድ የተባለው እንግሊዛዊ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሲሠራ በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፣ መረጃ በሠንጠረዥ የሚደራጅበትን መንገድ አሳየ። ኖርማላይዜሽን የሚባለው ሥራ ከዚያ የመጣ ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱን ነገር በሚታወቅበት ቁልፍ ሥር አንድ ጊዜ ብቻ መጻፍ ነው። እኛም የሰውን ጉዳይ በሰው ሠንጠረዥ፣ የማሳውን በማሳ፣ የቀበሌውን በቀበሌ ለየን፤ ማን ከማን ጋር የትኛውን ማሳ እንደያዘ የሚናገር አራተኛ ሠንጠረዥም ጨመርን። አዋሳኙን በማሳ ቍጥር ጻፍነው፤ ሰው ይሞታል፣ ያወርሳልም፤ ማሳው ግን ካለበት አይነሣም።

ይህን ካደረግን በኋላ በጣም ደፈርን። የራሱና ያባቱ ስም የገጠመውን ሁሉ አንድ ሰው አድርገን አዋሐድን። ዝርዝሩን በቀበሌው ስናነብ አንድ የኮሚቴ ሽማግሌ ሣቁብን፤ «ልጆቼ፣ አንዱ የላይ ጎጥ ነው፣ አንዱ የታች ጎጥ። የሁለት ቤት መሬት ላንድ ሰው ልትሰጡ ነው?» አሉን። አፍረን ተመለስን፤ የአያት ስም ጨመርን፣ ያም ባልበቃበት ጎጡን ጠየቅን፣ ለእያንዳንዱም ሰው የራሱን ቍጥር ሰጠን። ሁለት ሳምንት ያልነው ሥራ እስከ ክረምት ዘለቀ።

የባልቴቲቱም ስም አንድ ጊዜ ተጽፎ ከሦስቱ ማሳዎች ጋር ተያያዘ። አራተኛውን ግን ከጠረጴዛችን ሆነን ልናያይዘው አልቻልንም። ኮሚቴው ማሳው ላይ ወጥቶ የአዋሳኞቹን ቃል ተቀበለ፤ እነርሱም ባልና ሚስት አብረው ሲያርሱት እንደ ኖሩ መሰከሩ። ወንድምየው የዘራውን ጤፍ አጭዶ እንዲለቅ ተስማሙ፤ እኛም ቍጥራቸውን በአራተኛው ማሳ ላይ ጻፍን።