ዙፋን ላይ የወጣው ዘንዶ

አቦሉ እስኪደርስ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። በአገራችን ተረት የመጀመሪያው ንጉሥ ሰው አልነበረም፤ አርዌ የሚባል ዘንዶ ነበር። አርዌ በግእዝ አውሬ ማለት ነው፤ እባቡን ለይተው ሲጠሩት «አርዌ ምድር» ይሉታል። ሕዝቡ ከብቱንና ልጃገረዶቹን ሲገብርለት ኖሮ፣ አንጋቦ የሚባል ሰው ፍየል መርዝ አብልቶ ሰጠውና ገደለው፤ ዘውዱንም ወረሰ። ንግሥተ ሳባ የእሱ ልጅ ናት ይባላል።

ፈረንጆቹም ዘንዶ አላቸው። ደራሲው ቶልኪን በፈረንጆች 1937 ባወጣው «ሆቢት» ውስጥ ስማውግ ወርቅ ላይ ተኝቶ ይኖራል። እኔን ግን የእኛው ይበልጥ ያስፈራኛል። ወርቅ የሚጠብቀውን አለመንካት ይቻላል፤ ግብር የሚጠይቀው ግን ደጅህ ድረስ ይመጣል።

የእኛ አገር ኮቦ ቆላ ነው፤ የማሽላ አገር ነውና እባብ አይጠፋም። አንድ ኅዳር ክምር ስናፈርስ ከሥሩ ቡናማ እባብ ወጣ። አጎቴ በዱላ ወገቡን ብሎ ጣለው። መሐሉ አብጦ ነበር። ሆዱ ሲቀደድ ሁለት አይጥ ተገኘ፤ የአንዷ ፀጉር ገና አልሟሟም። አጎቴ ዱላውን እንደያዘ ቀረ። «ለካ ዘበኛችን ኖሯል!» አለ።

ሁሉም እባብ የዋህ ነው አልልም። እፉኝት አፈር መስላ ትተኛለች፤ ሰው ሲመጣባት አትሸሽም፤ ሲረግጧት ትነድፋለች። ማታ ያለ ባትሪ ማሳ የገባ ሰው በሷ ላይ ይቆማል፤ የተነደፈም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። ስሟን ያጠፋው ግን ሌላ ነው። ልጆቿ ሆዷን ቀደው ይወጣሉ ይባላል፤ ውለታ ቢስን «የእፉኝት ልጅ» የምንለው ለዚህ ነው። እውነቱ፣ እንቁላል ሳትጥል የምትወልድ መሆኗ ነው፤ በአንድ ጊዜ 20ም 30ም ትወልዳለች። እናቲቱም ወልዳ ትኖራለች እንጂ አትሞትም።

ልጅ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ጊዮርጊስ የሚወጋውን ደራጎን ላለማየት ዓይኔን እጨፍን ነበር። ሌላው ሥዕል ላይ ግን ዓይኔ ይቀራል። አቡነ አረጋዊ የደብረ ዳሞን ገደል በዘንዶ ተይዘው ይወጣሉ፤ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ አጠገባቸው ቆሟል። ጥቅምት 14 የምንዘክራቸውን ጻድቅ ተራራው ላይ ያደረሰ ዘንዶ አለን፤ ማታ ለልጆች የምናወራው ግን አርዌን ብቻ ነው።

አጎቴ ከዚያ ወዲህ ክምር ሊያፈርስ ሲል መጀመሪያ ዙሪያውን መሬቱን በዱላ ይደበድባል። ከዚያም እባቡ ወጥቶ ካቡ ውስጥ እስኪገባ ቆሞ ይጠብቀዋል።