ላስቲክ ቤት በመረሬ ላይ

በጅሩ የምትገኘው እነዋሪ ወደ 2,650 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ጥቅምት አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ቀኑ ያምራል፣ ሌሊቱ ግን ይከፋል። ደመና በሌለበት ሌሊት ምድሩ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሁሉ ሽቅብ ይለቃል፤ ውርጭ የሚወርደውም ያኔ ነው። ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ይችሉታል። ቲማቲምና ቃሪያ ግን ሲነጋ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኝተው ይገኛሉ።

*

ላስቲክ ቤት ሙቀት ይይዛል የሚባለው ቀን ላይ እውነት ነው። ሌሊት ተራው ላስቲክ ከአፈር የሚወጣውን ሙቀት አብዛኛውን ያሳልፈዋል፤ ጥርት ባለ ሌሊት የውስጡና የውጭው ቅዝቃዜ ልዩነት ጥቂት ነው። ችግኙን የሚያድነው ማታ ማታ ከውስጥ የሚደረብለት ገለባ ወይም ጆንያ ነው።

*

አንዲት እናት ጓሯቸው ውስጥ በአጠናና በላስቲክ የሠሯትን ቤት ጎኗን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይጠቀልላሉ። በላስቲኩ ላይ ያደረው ጤዛ እጃቸው ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ በአበባ ላይ ያለውን የቲማቲም ግንድ አንድ በአንድ በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ፤ ነፋስ በማይገባበት ቤት ዱቄቱን የሚያራግፍለት የለም። «ካልከፈትኩት ይታፈናል፣ ልጄ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል፤ እርጥበቱ ተዘግቶ ከዋለ ደግሞ ቅጠሉ ይሻግታል።

*

የጅሩ ሰው ውሃ ከመረሬ (ከጥቁር አፈሩ) ማንጣፈፍ ከድሮ ጀምሮ ያውቃል። የእርሻ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስለ ጥቁር አፈር ሊያጠኑ እነዋሪ ሲመጡ፣ ሴቶችና ልጆች በእጃቸው አፈር እየዛቁ ሰፊ መደብና ቦይ ሲሠሩ አገኟቸው። ሁለት ማረሻ አጣምሮ 80 ሳንቲ ሜትር መደብ ከ40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ጋር የሚያወጣው ቢቢኤም የተባለው መሣሪያ ያንኑ ሥራ በበሬ የሚሠራ ነው። ይህን ጥበብ ላስቲክ ቤት ውስጥ አለማስገባት ያሳዝነኛል። በጠፍጣፋ መሬት ላይ የተተከሉ ቤቶች አይቻለሁ፤ የክረምቱ ውሃ ከጎን ሰርጎ ሥሩን ያበሰብሰዋል።

*

ስድስት በአሥራ አምስት ሜትር የሆነ ጣሪያ 90 ካሬ ሜትር ነው። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት 1,800 ሊትር ውሃ በሁለቱ ጠርዝ ይፈስሳል። ያለ ቦይ ሲሆን ቤቱን ያጥለቀልቃል፤ ወደ ሮቶ ወይም ላስቲክ ወደ ተነጠፈበት ጉድጓድ ቢመራ ግን በጋውን ያሻግራል። የእነዋሪ ጓሮ ጭንቅ ከውርጩ ይልቅ ይኸው ይመስለኛል፦ ሐምሌ ላይ የተረፈው ውሃ የካቲት ላይ የለም።

*

መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። አጠናው በየዓመቱ ይላላል፣ ላስቲኩም ይረግባል፤ የረገበውን ነፋስ ይቀድደዋል። በሆለታና በዝዋይ የአበባ እርሻዎች የሚዘረጋው ላስቲክ ፀሐይ እንዳይበላው የታከመ ነው። ከገበያ የሚገዛው ተራ ላስቲክ ግን ቶሎ ይሰባበራል፤ ፍርፋሪው እርሻው ውስጥ ይቀራል።

*

የጅሩ ሰንጋ በየቤቱ ታስሮ ይቀለባል፣ እበቱ ግን ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። እንጨት በጠፋበት አገር በዚህ ማንንም መውቀስ አይገባም። ቢሆንም አንዲት መደብ የምትፈልገው ብዙ አይደለም፤ በበሰበሰ ፍግ የተደባለቀ መረሬ በእጅ ይፈረፈራል፣ ሥርም ይገባበታል።

*

ሽንኩርትና ቲማቲም ከሸዋ ሮቢት ቆላ በጭነት ይመጣል፤ በላስቲክ ቤት ሽንኩርት አብቅሎ ከዚያ ጋር መወዳደር ድካም ነው። የቤቷ ትልቁ ጥቅም ችግኝ ማፍላት ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ የተዘራ ቲማቲምና ቃሪያ ውርጩን በላስቲክና በገለባ ሥር አሳልፎ የካቲት ላይ ወደ ውጭ መደብ ይዛወራል፤ ውሃ ካገኘ ግንቦት ላይ፣ ዋናው ዝናብ ሳይገባ፣ ይለቀማል። አንዲት ትንሽ ቤት የብዙ ጎረቤት ጓሮ የሚሸፍን ችግኝ ታወጣለች።