የእንግዳ ስም ያለው ሰፈርና እንግዳ ተማሪዎቹ

የዚህ ወር ጉዟችን ስንቅ የሚያስቋጥር አይደለም። መነሻችን ከመስቀል አደባባይ ብዙም የማይርቀው፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ባምቢስ ነው። ከዚያ በካዛንቺስ በኩል አድርገን ዳገቱን ወደ አራት ኪሎ እንወጣለን። መንገዱ አጭር ነው፤ ይዘነው የምንወጣው ጉዳይ ግን ከመንገዱ ይረዝማል። ይኸውም ከባሕር ማዶ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ‹‹ለትምህርታዊ ጉብኝት›› እየመጡ በትምህርት ቤቶቻችን የሚስተናገዱት ወጣቶች ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ ስለ ሰፈሩ ስም ጥቂት እንበል። ባምቢስ የሰው ስም ነው። አንድ ግሪካዊ ነጋዴ ያቋቋሙት ሱፐርማርኬት ለአካባቢው ስሙን አወረሰው። የታክሲ ረዳት ‹‹ባምቢስ! ባምቢስ!›› እያለ ሲጮኽ የሰው ስም እየጠራ መሆኑን የሚያስተውል ብዙ አይደለም። ጎረቤቱ ካዛንቺስም ስሙን ያገኘው ከውጭ ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941) ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ ድርጅት ነበረው፤ የድርጅቱ ስም ሲያጥር ‹‹ኢንቺስ›› ይባላል። ‹‹ካዜ ኢንቺስ›› ማለት እንግዲህ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ሕዝቡ በአፉ አላምጦ ካዛንቺስ አደረገው። አንዱ ሊነግድና ሊኖር የመጣ እንግዳ፣ ሌላው ሳይጠሩት ጠመንጃ ይዞ የገባ። ሁለቱም ስም ትተው አለፉ። ስለዚህ በዚህ ሰፈር ስለ እንግዳ መነጋገር ከቦታው የወጣ ወሬ አይሆንብንም።

ካዛንቺስን ተጎራብቶ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ላይ የአፍሪካ አዳራሽ ይገኛል። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1958 ሲሆን፣ አዳራሹ በ1961 ተመረቀ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1963 የተመሠረተውም በዚሁ አዳራሽ ነው። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የመስተዋት ሥዕል የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን በሦስት ክፍል ያሳያል። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2024 እንደገና ተመርቋል። ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። ካስተማርናቸው የአካባቢው ልጆች መካከል እዚያ ውስጥ ገብቶ ያንን መስተዋት ያየ ስንት እንደሆነ ጠይቀን ነበር፤ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከባሕር ማዶ የመጣው ወጣት ግን በደረሰ በሦስተኛው ቀን ተወስዶ ያየዋል። አብሮት አንድ የሰፈር ልጅ ቢሄድ ምን ችግር ነበረው?

በዚሁ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ጉብኝት በቅርብ ለመከታተል ዕድሉ ገጥሞናል። እንግዶቹ ዐሥራ ሁለት ነበሩ፤ ወሩም ጥር። የጊዜው ነገር ራሱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የእነርሱ ረጅም ዕረፍት የሚውለው በእኛ ክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቢመጡ የሚያገኙት ባዶ ክፍልና ዝናብ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ኮሌጆች አጭር ዕረፍታቸውን ይዘው በጃንዋሪ ይልኳቸዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ጥር የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና የሚደርስበት ወር ነው! መምህሩ ምዕራፍ ለመጨረስ ሲጣደፍ፣ ልጁ ለፈተና ሲያጠና፣ ‹‹እንግዳ መጥቷልና ተሰለፉ›› ይባላል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ‹‹ሁለት ሰዓት ላይ ኑ›› ተብለው ነበር። እኛ ሁለት ሰዓት ስንል ጠዋት ነው። እነርሱ ግን ከቀትር በኋላ መስሏቸው ምሳቸውን በልተው መጡ። ተማሪዎቹ አበባ ይዘው ሰልፍ ላይ ብዙ ከቆሙ በኋላ ወደ ክፍል ተመለሱ። በዚህ የተቀየመ አልነበረም፤ ሁሉም ሳቀ። ለእንግዶቹም ቀኑ ከፀሐይ መውጣት ጋር የሚቆጠርበት አገር እንዳለ ያወቁበት የመጀመሪያ ትምህርት ሆናቸው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ስናይ ግን ልባችን ደስ አላለውም። እንግሊዝኛ የሚችሉ ልጆች ተመርጠው ከፊት ተቀመጡ። ሌሎቹ ዝም እንዲሉ ተነገራቸው። እንግዶቹ ከኋላ ቆመው ማስታወሻ ይጽፋሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ። በዕረፍት ሰዓት እስክሪብቶና ከረሜላ ታደለ። ልጆቻችንም ለከረሜላው ተጋፉ፤ ያ ግፊያ ደግሞ ፎቶ ተነሳ። በዚያ ፎቶ ውስጥ ያለው ልጅ ቤቱ እናቱ ዘንድ ከረሜላ ያላጣ ልጅ ሊሆን ይችላል። ፎቶውን በሩቅ አገር የሚያየው ሰው ግን ይህን በምን ያውቃል? አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ‹‹ቲቸር፣ እነዚህ ሊማሩ ነው ወይስ ሊያዩን?›› ሲል ጠየቀን። ጥያቄው እስከ አሁን ከጆሯችን አልወጣም።

ነገሩ የተለወጠው በምሳ ሰዓት ነው። ለእንግዶቹ ምሳ ከሆቴል ይመጣላቸው ነበር። አንድ ቀን መኪናው ዘገየና ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ‹‹ኑ ብሉ›› አሉ። እንግዶቹም ተቀመጡ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ያወቁት ከክፍል ካወቁት ይበልጣል ብንል አላጋነንንም። አንዱ ምሳ ዕቃ ውስጥ ሽሮ ነው፤ ዕለቱ ዐርብ ስለነበረ የክርስቲያኑ ልጅ ጾም ነው። በሌላው ውስጥ የሙስሊሙ ልጅ የሥጋ ወጥ አለ። እንግዳዋ ልጅ ‹‹ለምን ከአንዱ ወደ ሌላው አትጎራረሱም?›› ብላ ጠየቀች። ልጆቹም ሥጋ የሚታረድበት ሥርዓት እንደየሃይማኖቱ እንደሚለይ፣ በከተማችን ሥጋ ቤቶች ላይ ጨረቃ ወይም መስቀል የሚሳለውም ለዚሁ እንደሆነ፣ ሽሮውን ግን ሁሉም እንደሚካፈለው እየተቀባበሉ አስረዷት። ይህን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ሲሉ የተጣጣሩትን ያህል በፈተና ሲጣጣሩ አላየናቸውም። ከፊት የተቀመጡት ምርጦች ብቻ አልነበሩም የተናገሩት፤ ዝም የተባሉትም እጃቸውን ጭምር እያወራጩ ተናገሩ።

ከዚያ አንዲት ተማሪ የእንግዳዋን ስም በፊደል ጻፈችላት። እንግዳዋም ‹‹ሌላም አስተምሪኝ›› አለቻት። ከሀ እስከ ሆ ሰባቱን አወረደችላት። እንግዳዋ ‹‹ሂ›› እና ‹‹ሄ›› እየተምታቱባት ስትሳሳት ልጅቱ እንደ መርጌታ ወይም እንደ ቁርኣን አስቀሪ ኡስታዝ ቆጣ ብላ ‹‹ድገሚ!›› ትላት ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ በየዕረፍቱ ፊደል ይቆጠር ጀመር። የሰፈራችን ልጅ ከባሕር ማዶ ለመጣ ሰው አስተማሪ ሆነ ማለት ነው። በእኛ ግምት ጉብኝት የሚባለው ነገር ጉብኝት የሆነው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

መንገዳችንን እንቀጥል። ከካዛንቺስ ቤተ መንግሥቱን ታክከን ዳገቱን ስንጨርስ አራት ኪሎ እንደርሳለን። እዚህ ግቢ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ አገራችን እንግዳ ተማሪ በብዛት ተቀብላ ነበር። በ1958 በአክራ ከተማ የነጻ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ በተደረገ ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት ለአፍሪካውያን 200 ነጻ የትምህርት ዕድል እንደሚሰጥ አስታወቀ፤ በየዓመቱ ኀምሳ፣ ለአራት ዓመት። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም ወጣቶች መጡ። የአብዛኞቹ አገር ያኔ ገና በቅኝ ግዛት ሥር ነበር። እነርሱ ኢትዮጵያን የሚያውቋት ያልተገዛች፣ የነጻነት ምልክት አድርገው ነው። ሲመጡ ድህነቱንና የመናገር ነጻነት ማነሱን አዩ፤ ያዩትንም አልደበቁም። የእኛዎቹ ተማሪዎች በበኩላቸው ስለ ቀሪው አፍሪካ የሚያውቁት ጥቂት ነበር፤ ራሳቸውን አፍሪካዊ ብሎ መጥራትም ለብዙዎቹ አዲስ ነበር። በአንድ መኝታ ቤት አድረው፣ በአንድ ገበታ በልተው፣ ሌሊቱን ሲከራከሩ ከረሙ። የኢትዮጵያን የተማሪዎች እንቅስቃሴ ታሪክ የጻፉ ምሁራን የእነዚህ እንግዶች ተጽዕኖ ቀላል እንዳልነበር ያወሳሉ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር የኮሌጁ ተማሪዎች ለሙከራው ድጋፍ ሰልፍ ወጥተዋል። ጋባዡ መንግሥት ሲጋብዝ ይህን አላሰበም። እንግዳ ከልብ ከተቀመጠ ቤቱን እንዳገኘው አይተወውም።

እነዚያ የመጡት ለዓመታት ነው፣ የአሁኖቹ ለሳምንታት ነው፤ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ግን በአገራችን የእንግዳ ተማሪ ነገር ከዩኒቨርሲቲም በፊት ነበረ። ወሎን ያየ ያውቀዋል። ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከጅማ ተነስቶ ለወራት በእግሩ ተጉዞ ዳና ወይም ዳዌ የሚደርሰው ደረሳ ማንም ዘመድ የለውም። ከሸኹ ዙሪያ ጎጆ ይቀልሳል፤ የአካባቢው ገበሬ ካለው ያካፍለዋል። ነሕዉን ከአንዱ ሸኽ፣ ፊቅሁን ከሌላው እየቀራ ይዘዋወራል። መንደሩን ሊመለከት የመጣ አልነበረም። ተራው ሲደርስ ኪታቡን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቀመጣል፤ ካልገባው ይደግማል። አፉ ኦሮምኛ ይሁን ሌላ፣ አማርኛውን ከጎረቤት ይለምደዋል። መንደሩም ያበላው ስላዘነለት ብቻ አይደለም፤ ዒልም የያዘ ሰው በመካከሉ እንዲኖር ስለፈለገም ነው።

ከዚህም ወደ ኋላ ብንሄድ፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሶሓቦች ለትምህርት አልመጡም፤ ሃይማኖታቸውን ይዘው ከግፍ ሸሽተው ነው። ሆኖም አንዳንዶቹ እስከ ሂጅራ 7ኛው ዓመት ቆይተዋልና ልጆች እዚህ ወልደዋል። ከእነዚያ አንዷ ኡሙ ኻሊድ ናት። ገና ሕፃን ሳለች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልብስ ሰጥተዋት ‹‹ሰናህ›› እንዳሏት ቡኻሪ ዘግበዋል። በሐበሻ ቋንቋ ያምራል ማለት ነው፤ ግእዙን የሚያውቅ ሰው ‹‹ሠናይ›› የሚለውን ቃል ወዲያው ያስታውሳል። ከስደት አገር አንዲት ቃል እንኳ ተይዞ መዲና መድረሱ ሁልጊዜ ይደንቀናል።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶቻችን እንግዳ አይቀበሉ አንልም፤ ይቀበሉ። ግን ውሉን እነርሱም ይጻፉ። እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ጥቂት አማርኛ ወይም የሚሄድበትን አካባቢ ቋንቋ ይጀምር። የልጅ ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይነሳ፤ በተለይ የሴት ልጆቻችን። ስጦታ ማምጣት የፈለገ ለቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ያምጣ፤ ከረሜላው ይቅር። የፈተና ሳምንት ተዘግቶ ይለፍ። እንግዳው ምሳውን ከልጆቹ ጋር ይብላ። ደግሞም አንድ ቀን፣ የግድ አንድ ቀን፣ የሰፈሩ ልጅና እንግዳው አብረው የአፍሪካ አዳራሽን ይጎብኙ። ወደ ስድስት ኪሎም ይውጡ፤ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የውጭ ተመራማሪዎች የሚመጡበት ነው፤ ሙዚየሙን የእኛ ልጆችም ሊያውቁት ይገባል።

አንድ ነገር ግን በእጃችን የለም። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ሲጀመር ካዛንቺስ በአብዛኛው ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ ብዙዎች ገላን ጉራ ገብተዋል። እንግዳ ተማሪ ሊያድርበት የሚችለው የጭቃ ግድግዳ ያለው፣ ደጁ ላይ ቡና የሚፈላበት ግቢ በሰፊ መንገድና በብስክሌት መስመር ተተክቷል። አንዳንዱ ቤተሰብ መኖሪያው ተሻሽሎለታል፤ አንዳንዱ ጎረቤቱን አጥቷል። ልጆቹ ግን ተበተኑ። ያ ትምህርት ቤት በመጪው ጥር እንዲሁ እንግዳ ትቀበሉ እንደሆነ የሚጠይቅ ደብዳቤ ደርሶታል። መምህራኑ ተሰብስበው ማን ያስተናግድ ብለው ስም ሲያወጡ መጀመሪያ የተጠራችው ፊደል ያስቆጠረችው ልጅ ነበረች። እርሷ አሁን የምትማረው ገላን ጉራ ነው። ስልክ ተደውሎ አባቷ ‹‹ከሁለት ሰዓት በፊት ባምቢስ አደርሳታለሁ፤ ሁለት ሰዓቱ ግን የእኛ ይሁን›› ብለዋል።