«እያየሽ ትለምጃለሽ»

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ባለ አንድ ቤት ውስጥ ትራስ ሥር የተቀመጠ ስልክ ይበራል። ዋሽንግተን ላይ ገና ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ከሥራ የገባች አንዲት እናት ልጆቿን አስተኝታ፣ ቴሌግራም ከፍታ «ይሄ ቀሚስ መነን ነው ፈትል? ለፋሲካ ይደርስልኛል?» ብላ ጽፋለች። ባለሱቋ ዓይኗን እያሸች ትመልሳለች። ካልመለሰች ደንበኛዋ እስኪነጋ ሌላ ሻጭ ጋ ትሄዳለች።

ሦስት ዓመት እንዲህ ኖረች። ቀን ከሸማኔና ከጠላፊ ጋር፣ ሌሊት ከስልክ ጋር። የሀበሻ ልብስ ንግድ ወደ ቴሌግራም ሲገባ ገበያው ሰፋ እንጂ ሥራው አልቀለለም። ዋጋ መንገር፣ ልክ መቀበል፣ ቀብድ መከታተል፣ «የት ደረሰ?» ለሚለው መልስ መስጠት፤ ይህ ሁሉ ልብስ መሥራት አይደለም፤ ያለ እሱ ግን ልብስ አይሸጥም።

«የርቀት ረዳት ቅጠሪ» ያላት የእህቷ ልጅ ነው። ቨርቹዋል አሲስታንት የሚሉት ማለት ነው፤ ሱቅ ሳይመጣ፣ ባለበት ከተማ ሆኖ በስልክና በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው። ሀዋሳ የምትኖር፣ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሥራ ያጣች ልጅ ተገኘች። ደመወዙን በስልክ ተስማሙ። ባለሱቋ የቴሌግራሙን መግቢያ ሰጠቻትና «እያየሽ ትለምጃለሽ» አለቻት።

ሥልጠናው ይኸው ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ልጅቷ ትጠይቅ ነበር። «እትዬ፣ ይሄ ስንት ነው?» «እንደ ሰዉ ነው።» «ስንት ቀን ይፈጃል?» «እንደ ሸማኔው ነው።» «ቀብድ ስንት ልበላቸው?» «ፊታቸውን አይተሽ!» በስልክ የማን ፊት ይታያል? በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷ መጠየቁን ፈራችና በራሷ መመለስ ጀመረች።

ከዚያ የቨርጂኒያዋ የሙሽራ እናት ትእዛዝ መጣ። ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት፣ ሁሉም ተልኳል። ልጅቷም እንደተላከላት መዝግባ ለሰፊው አስተላለፈች። ቀሚሱ ሲደርስ ሠርጉ አራት ቀን ቀርቶታል፤ ሴትየዋ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን አድርጋ ስትለብሰው ቀሚሱ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቀረ። ባለሱቋ ብትሆን «ቁመቱን ጫማ አድርገሽ ነው የለካሽው?» ብላ ትጠይቅ ነበር። ሁልጊዜም ትጠይቃለች። ልጅቷ ግን ይህ እንደሚጠየቅ አታውቅም።

ገንዘቡ ተመለሰ። ልጅቷም በአንድ ስልክ ተሰናበተች። የሁለት ሳምንት ደመወዟ እንኳ ሙሉው አልተከፈላትም። ባለሱቋ ለመጣ ለሄደው «የዘንድሮ ልጆች ኃላፊነት አይሰማቸውም» ስትል ከረመች።

ሁለት ወር ቆይቶ አጎቷ ደሴ ላይ አረፉ። ስልኩን ለገዛ ልጇ ትታ ለአምስት ቀን ለቅሶ ሄደች። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 11 ጊዜ ተደወለላት። ለቅሶ ቤት ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እያንሾካሾከች የጨርቅ ዋጋ ትናገራለች፤ ለቀስተኛው ያያታል። በሦስተኛው ቀን ልጇ የአንዲት ደንበኛ ልክ መቀበሏን ነገረቻት። «ጫማ አድርጋ ነው የተለካችው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ጫማ ምን አገባው እማዬ?» አለች ልጇ።

ባለሱቋ ዝም አለች። ይህች ልጅ ያደገችው ሱቁ ውስጥ ነው፤ ፊደል የቆጠረችው ጥለት በተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ነው። እሷ ያላወቀችውን ሀዋሳ ያለችው ልጅ ከየት ታውቀው?

ብዙ ትንሽ ንግድ ረዳት ከመቅጠሩ በፊት የሚጎድለው ይኸው ነው። ሥራው በባለቤቱ ጭንቅላት ውስጥ ተቆልፎ ይኖራል። ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ሠራተኛ ቢያንስ ዓይቶ ይሰርቃል፦ ባለቤቱ ጨርቅ ሲዳስስ፣ ከደንበኛ ሲከራከር፣ ለሸማኔ ሲቆጣ ያያል። በርቀት ያለ ሰው ግን የሚያየው የተጻፈለትን ብቻ ነው። ያልተጻፈ ነገር ለእሱ የለም። ስለዚህ ዝግጅቱ የሚጀምረው ሰው ከመፈለግ ሳይሆን ከመጻፍ ነው።

ከደሴ እንደተመለሰች ባለሱቋ ደብተር ገዛች። ለሦስት ሳምንት ደንበኛ የጠየቃትን፣ እሷም የመለሰችውን ጻፈች። የቀን ሙሉ ወሬ የሚመስላት ነገር ተሰብስቦ 31 ጥያቄ ብቻ ሆነ። የአብዛኛው መልስ አንድ ዓይነት ነው። «እንደ ሰዉ ነው» ስትለው የኖረችው ዋጋም ሲጻፍ ሦስት መስመር ሆኖ አረፈ፦ የጨርቁ ዓይነት፣ የጥልፉ ስፋት፣ የሚፈለግበት ቀን።

ቀጥላ ሥራዋን ለሁለት ከፈለችው። የሚሰጥና የማይሰጥ። ዋጋ መንገር፣ ልክ መቀበል፣ ትእዛዝ መመዝገብ፣ ዕቃው የት እንደደረሰ መንገር ይሰጣል። ቅናሽ ማድረግና ገንዘብ መመለስ ከእሷ ጋር ይቀራል። ክፍያም እንደዚሁ፤ ረዳቷ የደረሰኙን ስክሪንሹት ታስተላልፋለች፣ «ገብቷል» የምትለው ግን ሒሳቧን ራሷ ያየችው ባለሱቋ ናት። በኮምፒውተር የተቀነባበረ ደረሰኝ ስንቱን ነጋዴ እንዳከሰረ ገበያው ያውቃል። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ለማንም አይሰጥም፤ እምነት ስለሌለ ሳይሆን፣ ገንዘብ ቢጎድል ንጹሕ ሰው እንዳይጠረጠር ነው።

ለሱቁ የተለየ ስልክ ቁጥር አወጣች። የቴሌግራሙን ሁለተኛ የይለፍ ቃል እሷ ያዘች። በቻናሉ ላይ ረዳቷ መለጠፍ እንድትችል፣ ሌላ አስተዳዳሪ መጨመር ግን እንዳትችል አደረገች። የሌሊቱንም ነገር ወሰነች፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ለሚጽፍ «ጠዋት እንመልሳለን» የሚል መልእክት በራሱ ይሄዳል። የሀዋሳዋም ልጅ እንቅልፍ አላት።

በመጨረሻ ውሉ መጣ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። እሷ ደግሞ ያኔ ልጅቷን በአፍ ቀጥራ በአፍ ነበር ያባረረቻት።

ሀዋሳ ከመደወሏ በፊት የቀረውን ደመወዝ በቴሌብር ላከች። ከዚያ ደወለች። «ጥፋቱ የኔ ነበር» ማለት እንደዚያ ከባድ መሆኑን ያወቀችው ያኔ ነው። ልጅቷ ጥቂት ዝም ብላ «እትዬ፣ መጀመሪያ ደብተሩን ይላኩልኝና ላንብበው» አለቻት።

የደብተሩ ገጾች ፎቶ ተነስተው ተላኩ። በማግስቱ ልጅቷ ደብተሩ የማይመልሳቸውን ዘጠኝ ጥያቄዎች ላከች። ስምንቱ ስለ ጨርቅ፣ ስለ ልክና ስለ ቀብድ ነበሩ። ዘጠነኛው «ብሳሳት ኪሳራው የማን ነው?» ይላል።

ባለሱቋ ይህን አልጻፈችም ነበር። አስባውም አታውቅም። ማታ ደብተሩን ከፍታ መጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ብላ ጨመረች፦ «እዚህ የተጻፈውን ተከትለሽ ከተሳሳትሽ ኪሳራው የኔ ነው። ያልተጻፈ ነገር ከገጠመሽ ጠይቂኝ፤ አልቆጣም።»

ልጅቷ ሰኞ ሥራ ጀመረች።